ከኬላው በፊት የወረደው መንገደኛ

ይድረስ ለምወድህ፣ ለማከብርህና ስልክ ለማታነሳው አባቴ፤

እንደምን ሰነበትክልኝ? ጤናህ እንዴት ነው? ጉልበትህስ? እሱን ለይቼ የምጠይቅህ፣ አንተ ብታኮርፈኝ እንኳ እሱ አኩርፎኝ እንዳይሆን ስለሰጋሁ ነው። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልህ እበላለሁ፣ ሥራ እገባለሁ፣ እመለሳለሁ ማለቴ ነው እንጂ፣ ከሄድክ ወዲህ የምነታረከው ሰው አጥቼ ከድስቱ ጋር ስነታረክ ነው የማመሸው።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ የድሮ ረዳትህ ነው። ያ በአውቶቡሱ በር ላይ ተንጠልጥሎ ሲጣራ ከተማው ሁሉ የሚሰማው የነበረው ረዳትህ፣ ዛሬ ጢሙ ሸብቶ ራሱ መሪ ጨብጧል፤ በእናንተ መስመር ነው የሚሠራው። "ለአባቴ ደብዳቤ ታደርስልኛለህ?" ብዬ ስጠይቀው "ምነው፣ ጋሼ ስልክ የላቸውም እንዴ?" አለኝ። "አለው፤ ተቆጥቶ ነው" አልኩት። ሰውዬው ሳቀብኝ። "ጋሼ? ጋሼ ሲቆጡ እኔ አይቼ አላውቅም። ጎማ ፈንድቶ፣ ዝናብ እየደበደበን፣ መንገደኛው እየሰደባቸው እንኳ እያፏጩ ነው ክሪክ የሚያወጡት" አለኝ። ይህችን ነገር ያዝልኝ፤ እመለስባታለሁ።

መጀመሪያ ግን ልማረርልህ። ለዚህ ነው ወረቀት ያወጣሁት።

ያንን የትምህርት ብድሬን ታውቀዋለህ። መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምረኝ ያበደረኝ፣ አብሮኝ የተመረቀ፣ ደመወዜ እጄ ሳይገባ ድርሻውን ቆርጦ የሚሄድ። እኔ እከፍላለሁ፣ እሱ ይወፍራል። ወለዱ ወለድ እየወለደ፣ ከእኔ በፊት የልጅ ልጅ አየ። እሱን ለምጄው ነበር፤ እንደ ክፉ ጎረቤት "አለህ ወይ?" "አለሁ" ተባብለን እናድር ነበር።

ከዚያ ማሻሻያ የሚሉት ነገር መጣ። በሬዲዮ የሰማነው አብረን ነው፤ ድምፁን ከፍ አድርገህ፣ እጅህን ወደ እኔ ዘርግተህ "ዝም በይ፣ ዝም በይ፣ ያንቺን ነገር እያወሩ ነው" ያልከኝ። በመንግሥት ሥራ ረዘም ላለ ጊዜ ያገለገለ፣ ገቢውም ከተወሰነው ልክ የማያልፍ ሰው፣ ቀሪ ብድሩ ይሰረዝለታል አሉ። እኔ ደግሞ የመንግሥት ሆስፒታል ፊዚዮቴራፒስት፤ የሰው ወገብና ጉልበት ሳሽ ጣቶቼ የጠመሙ፤ ደመወዜ ከየትኛውም ልክ በታች መሆኑን ሳይለኩት የሚያውቁት። "በቃ አለፈልሽ!" አልከኝ።

ያን ቀን ስለ አዲስ ቤት ስናወራ ዋልን። ተቆራጩ ከቀረ፣ ባለ ሁለት መኝታ ቤት እንከራያለን፤ አንተም ሳሎን ውስጥ ታጣፊ አልጋ ላይ መተኛትህ ቀርቶ መስኮት ያለው የራስህ ክፍል ይኖርሃል። አንተ መስኮቱ ወደ መንገድ ካልሆነ አልክ፤ መኪና ሲያልፍ ካላየህ ሰው የሆንክ አይመስልህም። እኔ ደግሞ ወደ ጓሮ ካልሆነ እንቅልፍ ታጣለህ ብዬ ድርቅ አልኩ። ገና ባልተከራየነው ቤት፣ በሌለ መስኮት ተጨቃጨቅን። ከዚያ ቀን የበለጠ ደስ ያለኝ ቀን ትዝ አይለኝም።

ከዚያ መመሪያው ወጣ።

አባዬ፣ ሕግ የሚያወጡና መመሪያ የሚያወጡ ሰዎች የማይተዋወቁ ይመስለኛል። ሕጉ ያቀፈህን ያህል መመሪያው ይገፈትርሃል። ሥራ አስፈቅጄ የብድር መሥሪያ ቤቱ ሄድኩ። ሰልፉ ከደረጃው ወርዶ፣ በሩን አልፎ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ሰልፍ ጋር ተደባልቆ፣ አንዲት እናት ብድር ሳይኖራቸው ግማሽ ቀን ከእኛ ጋር ተሰልፈው ዋሉ። ተራዬ ሲደርስ፣ ሹራቧን ትከሻዋ ላይ ጣል ያደረገች ሴት፣ ቀና ሳትል "አብሮሽ የሚኖር ሰው አለ?" አለችኝ። "አባቴ" አልኩ፤ እንደሚያኮራ ነገር። "ገቢ አላቸው?" "ኸረ ጡረታ ብቻ ነው።" መደመሪያዋን ጠቅ ጠቅ አደረገችና "እንግዲያው አልፋችኋል" አለች። እኔ ጅሏ "ተመስገን" አልኩ። ለካ ማለፍ ማለት ከልኩ በላይ መሆን ነው።

"የአባቴ ጡረታ ለጉልበቱ መድኃኒት እንኳ አይበቃም" አልኳት። "መመሪያው መድኃኒት አያውቅም፤ በአንድ ጣራ ሥር ያለ ገቢ ሁሉ ይደመራል ነው የሚለው" አለችኝ። አንተ መድኃኒት ቤት ስትገባ ደሃ ነህ፤ ብድር መሥሪያ ቤት ስትገባ ባለሀብት። ይህን ምን ይሉታል? ልሄድ ስል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "አጣሪ ቤት ለቤት ይዞራል፤ እስኪመጣ ድረስ ሁኔታሽን ብታስተካክዪ ጥሩ ነው" አለችኝ። ሁኔታሽን! አባት ግድግዳ ላይ እንደ ተንጋደደ ፎቶግራፍ የሚስተካከል ይመስል።

እራት ላይ ይህንን ሁሉ እየተራገምኩ ነገርኩህ። መንግሥትን ረገምኩ፣ መመሪያውን ረገምኩ፣ መደመሪያውን የሠራውን ፋብሪካ ረገምኩ። አንተ ዳቦህን ትቆርስ ነበር። "አጣሪው መቼ ነው የሚመጣው?" ብቻ አልከኝ። "እንጃ፣ በዚህ ሰሞን" አልኩህ።

በማግስቱ ሾርባዬ ቀጠነብህ።

ይኸው አሁንም ደሜ ይፈላል። ከመጣህ ጀምሮ አሳርሬ ሳቀርብልህ "እጅሽ ይባረክ"፣ ጨው ረስቼ ሳቀርብልህ "ለደም ግፊት ጥሩ ነው" የምትል ሰውዬ፣ ሁለት ሳህን ግጥም አድርገህ ከጠጣህ በኋላ "ይሄ ሾርባ ነው ወይስ የሳህን እጣቢ?" አልከኝ። በትክክል የሰማሁ አልመሰለኝም። ቀጥለህ ወደ ጉልበትህ ዞርክ። "እጠፍ፣ ዘርጋ፣ እጠፍ፣ ዘርጋ! በገዛ ልጄ ቤት እንደ ጃንጥላ ስታጠፍና ስዘረጋ ልኖር ነው? እኔ የሆስፒታልሽ በሽተኛ አይደለሁም! እህቴ ጋ እሄዳለሁ!" አልክ። እኔም ከሥራ ደክሜ የገባሁ፣ ወገቤ የተቆረጠ፣ አፌ መች ያርፋል? "እንደፈለግህ! እዚያ ወፍራም ሾርባ ይጠብቅሃል!" አልኩህ። በነጋታው ሳልሰናበትህ ሥራ ገባሁ። ስመለስ የለህም።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት በንዴት ነው ያሳለፍኳቸው። ሆስፒታል የመጣ በሽተኛ ሁሉ የአንተን ቅጣት ተቀበለ፤ አንድ የባንክ ጥበቃ "እህቴ፣ ክንዴን ነው ያመመኝ፣ ልትነቅዪው ነው እንዴ?" አለኝ። ስደውል አታነሳም። ስደውል አታነሳም። እንዲህ በሾርባ የሚያኮርፍ አባት ይዤ ኖሬ ኖሯል አልኩ።

ከዚያ አክስቴ ደወሉልኝ። ደውለው እንደነገሩኝ እንዳትቆጣቸው፤ ምለው አስምለውኛል። ሹክ እያሉ ነው ያወሩኝ፣ አንተ ማዶ ክፍል ነበርክ መሰለኝ። "ልጄ፣ ይኸ ወንድሜ ደረጃውን ቁጭ ብሎ እየተንፏቀቀ ነው የሚወርደው። ጉልበቱ አልታጠፍ ብሎታል። ልያዝህ ስለው 'ተይኝ፣ ልምምዴ ነው' ይለኛል" አሉኝ። ምን ዓይነት ልምምድ ነው ይሄ? ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ያንን ጉልበት በየቀኑ እየለመንኩ፣ እየተቆጣሁ፣ እያሸሁ እዚህ ያደረስኩት እኔ ነኝ! ልጮህ ስል አክስቴ ቀጠሉ። "ደግሞ አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ስልኬ በጮኸ ቁጥር 'ልጄ ናት? አለፈች ወይ?' ይለኛል። የምን ማለፍ ነው? ፈተና አለብሽ እንዴ በዚህ ዕድሜሽ?" አሉኝ።

"የለብኝም አክስቴ" አልኳቸው። ስልኩን ስዘጋ ግን እራት ላይ 'አጣሪው መቼ ነው የሚመጣው?' ያልከኝ ትዝ አለኝ።

አጣሪው የመጣው በማግስቱ ነው። መጀመሪያ የገባው ከእኛ በላይ ካሉት ባልና ሚስት ዘንድ ነው፤ እነዚያ ቁም ሣጥን ሲጎትቱ ጣራችን የሚያቃስትብን። ሚስቲቱ ከተመረቀች ጀምሮ ከብድሯ ሰባራ ሳንቲም ከፍላ አታውቅም፤ መሥሪያ ቤት በቀየረች ቁጥር ብድሩ ይጠፋባታል፣ እሷም ጠፋብኝ ብላ አትፈልገውም። አጣሪው ደረጃውን ሲወጣ ባልየው ጣራ ላይ ወጥቶ ከተሰጣው አንሶላ ጀርባ ቆመ። ሰማይም ቀን ይጠብቅ ነበርና ዝናቡን አወረደው። ሰውዬው እርጥብ አንሶላ ተከናንቦ ሲያስነጥስ ሕንፃው በሙሉ ሰምቷል። አጣሪው "ማን ነው?" ቢላት "ድመት ናት" አለችው። ድመት! ያ የሚያህል ሰውዬ! እና ምን ሆነ መሰለህ? ተሰረዘላት። ይኸው ይህን ስጽፍልህ ከላይ ሙዚቃ ከፍተው ጣራውን እየረገጡት ነው። ድመቷም የምትጨፍር ይመስለኛል።

ወደ እኔ ሲወርድ ጫማው ውኃ ይተፋል፣ ዓይኑ ደክሟል። ክፉ ሰው እጠብቅ ነበር፤ ክፉ አይደለም። ሻይ ሰጠሁት። ሳሎኑን አየ፣ መኝታዬን አየ፣ የጫማ መደርደሪያውን አየ። "የሚገርምሽ፣ በዚህ ሰፈር ያለው ሰው ሁሉ ብቻውን ነው የሚኖረው። ብቻ በየቤቱ ሁለት ሁለት የጥርስ ብሩሽ አለ" አለኝ። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ብሩሼን አየና "እዚህ አንድ። ተመስገን፣ አንድ ሐቀኛ ቤት አገኘሁ" አለ።

እኔም ያኔ ቤቱን በእሱ ዓይን አየሁት። አባዬ፣ ረዳትህ እውነቱን ነው፤ የተቆጣ ሰው ዕቃ ይረሳል። የተቆጣ ሰው አንድ እግር ካልሲ፣ መነጽር፣ የመድኃኒት ብልቃጥ ጥሎ ነው በር የሚወረውረው። አንተ ግን ታጣፊ አልጋህን አጥፈህ፣ አንሶላህን አጥበህ፣ የመላጫህን ማንጠልጠያ ሚስማር ነቅለህ፣ ቀዳዳውን እንኳ በሳሙና ደፍነህ ነው የሄድከው። ከመጥረጊያው ላይ ፀጉርህን ለቅመሃል። ስንት ቀን ሳሎኑ ውስጥ እየተመላለስኩ ይህን ሁሉ ሳላይ መቅረቴ!

አጣሪው ወረቀቱን ደረቱ ላይ አስደግፎ "ብቻሽን ነሽ" ብሎ ሊጽፍ ሲል፣ እጁን ለመታጠብ ዞረና ከመጸዳጃው አጠገብ ያለውን የብረት መያዣ ያዘው። ያንን አንተ እንዳትወድቅ ብዬ ያስገጠምኩትን። እሱን መንቀል አልቻልክ፤ ብሎኑ ግድግዳው ውስጥ ነዋ። "ይሄ የማን ነው?" አለኝ።

ምን ትዝ አለኝ መሰለህ?

ትምህርት ቤት ሲዘጋ እኔን ሞተሩ ክዳን ላይ አስቀምጠህ መስመር ይዘኸኝ የምትወጣበት ጊዜ። አውቶቡሱ ሁልጊዜ ትርፍ ይጭን ነበር። ኬላው ጋ ልንደርስ ስንል፣ ትራፊኮቹ ከማያዩበት ጠመዝማዛ ላይ ቆመህ ትርፎቹን ታወርዳቸዋለህ። እነሱ በእግራቸው በጓሮው ያቋርጣሉ፤ እኛ ኬላው ላይ ቆመን እንቆጠራለን፤ አንተ "ልክ ነን፣ ትርፍ የለንም" ትላለህ። ከዚያ ከኬላው ወዲያ፣ ከዛፎቹ ሥር ቆመህ ትጠብቃቸዋለህ። አንድ ጊዜ እግራቸውን የሚያነክሱ አሮጊት ነበሩ። ሲወርዱ አየኋቸውና "እሳቸው ለምን ይወርዳሉ? ያማቸዋል እኮ" አልኩህ። "ትርፍ ናቸው" አልከኝ። "ትርፍ ምንድን ነው?" ብልህ "ቲኬት ያልተቆረጠለት ሰው" አልከኝ። ትርፎቹ ሁሉ ሲደርሱ እሳቸው ቀሩ። ተሳፋሪው "ንዳው! ሥራ አለን! ለአንዲት አሮጊት ልናድር ነው?" እያለ ይጮሃል። አንተ መሪው ላይ ተደግፈህ ታፏጫለህ። ረዳትህ ሳይቀር "ጋሼ፣ እንሂድ" ሲልህ "ያወረድኩትን ሰው ሳልጭን ሄጄ አላውቅም" አልከው። መጡ፤ ላብ በላብ ሆነው፣ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው። አንተ ወርደህ ደግፈህ አወጣሃቸው።

ለምን ያ ነገር መታጠቢያ ቤት ውስጥ ትዝ እንዳለኝ አትጠይቀኝ።

"የአባቴ ነው" አልኩት አጣሪውን። "የት ናቸው?" አለኝ። "እህቱ ጋ ሄዷል፤ ይመለሳል" አልኩ። ሰውዬው እስክሪፕቶውን ኪሱ ከተተ። ጥሩ ሰው ነው አላልኩህም? "ስሚ እህቴ፣ እኔ ዛሬ ድመት ሲያስነጥስ ሰምቼ ያለፍኩ ሰው ነኝ። 'ይመለሳል' ያልሽውን አልሰማሁም። አሁን እንደገና ልጠይቅሽ፤ ይሄ ብረት ቤቱን ስትከራዪ የነበረ ነው፣ አይደል?" አለኝ።

አባዬ፣ አዎ ማለት ስንት ቃል ነው? አንድ ቃል ነው። አፌ ውስጥ ነበር። ባለ ሁለት መኝታው ቤት፣ መስኮቱ፣ ሁሉም ከዚያች ቃል ወዲያ ቆመው ይጠብቁኛል። እኔ ግን ደረጃ ላይ ቁጭ ብሎ የሚንፏቀቅ ሰው ነው የታየኝ።

"ይስሙኝ" አልኩት። "ሁለት ነን።"

እስክሪፕቶውን መልሶ ለማውጣት ትንሽ ቆየ። ከዚያ ጻፈ፣ ሻዩን ጨረሰ፣ በሩ ላይ ደርሶ "እግዜር ይማርልሽ" ብሎኝ ወጣ። እኔ በሩን ዘግቼ ራሴን እንዴት እንደሰደብኩት! አንተን እንዴት እንደሰደብኩህ! ያንን የሾርባ ነገር እያነሳሁ፣ ብቻዬን ሳሎን ውስጥ እየዞርኩ፣ "ለመሆኑ ማን ውረድ አለህ? መሪውን የጨበጠው ማን ሆነና ነው?" እያልኩ ለታጣፊው አልጋ ጮህኩበት። እያለቀስኩ እንዳይመስልህ፤ ተናድጄ ነው።

ስለ ብድሩ አንድ ቃል እንዳትጠይቀኝ። የአክስቴን ስልክም አታስጨንቀው። እኔና እሱ አብረን ያረጀን ነን፤ ክፉ ጎረቤት ቢሆንም ፀባዩን አውቀዋለሁ። ዋናው ነገር፣ ያ የምትጠይቀው ነገር አልፏል። ኬላው ከኋላችን ነው።

አሁን ጉልበትህ። እስክትመጣ ድረስ ይህን አድርግ፤ ከልጅህ የመጣ አይምሰልህ፣ ከሆስፒታል የመጣ ትእዛዝ ነው። ጠዋት ከአልጋ ሳትወርድ ፎጣ ጠቅልለህ ከጉልበትህ ሥር አድርግና ወደ ታች ተጫነው፤ ቆየት አድርገህ ያዘው፣ ከዚያ ልቀቀው። ተረከዝህን አልጋው ላይ እየጎተትክ ወደ መቀመጫህ አቅርብ። ሲያምህ አቁም፤ ሲጎትትህ ግን አታቁም፤ ልዩነቱን ታውቀዋለህ። ደረጃ ስትወርድ የታመመው እግር ይቅደም፤ ስትወጣ ጤነኛው። ቁጭ ብለህ መንፏቀቅ የሚባል ልምምድ በሙያችን የለም። እጠፍ፣ ዘርጋ። ጃንጥላም ቢሆን ካልታጠፈና ካልተዘረጋ ይዝጋል።

ቤቱ ደህና ነው። ታጣፊ አልጋህን ዘርግቼ አሁን ሳሎኑ መስኮት ሥር አዙሬዋለሁ። ያ መስኮት ወደ መንገድ ነው፤ መኪናው እንደ ልብ ያልፋል። እንዳልከው ሆነልህ፤ እንቅልፍ ብታጣ ግን እኔን እንዳትቀሰቅሰኝ። የመላጫህን ማንጠልጠያም ቀዳዳውን ከሳሙናው አጽድቼ፣ አዲስ ሚስማር መትቼ ሰቅዬዋለሁ።

አክስቴን ሰላም በልልኝ። ወፍራም ሾርባቸውን አመስግንልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ ጉልበትህን ያለዝብልህ፤ ኩርፊያህንም አምላክ ያሳጥርልህ፤ ከማውቃቸው ሰዎች ሁሉ ማኩረፍ የማትችለው አንተ ነህና።

ረዳትህ ቅዳሜ ጠዋት ከአክስቴ በር ላይ ቆሞ ይጠብቅሃል። እግርህን እንድትዘረጋ ከፊት ያለውን ወንበር ይዞልሃል። እንዳትወርድ፤ ኬላ ላይ ማንም ቢቆጥር ተቀምጠህ ተቆጠር። ቲኬትህን እኔ ራሴ ሄጄ ቆርጬዋለሁ፤ በስምህ ነው።

ከኬላው ወዲያ ቆማ የምትጠብቅህ፣
ሾርባዋ የቀጠነብህ ልጅህ